ዶይል ፔቲት ያለ ጠበቃ የከሰረበት ዓመት

ዶይል ፔቲት አጥር ተጋሪዬ ነው። እኛ በምንኖርበት በምሥራቅ ቴክሳስ ገጠር፣ አጥር ተጋሪ ማለት ላም ስታመልጥ አብሮህ የሚሮጥ፣ መኪና ሲበላሽ አብሮህ የሚገፋ፣ ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ ደግሞ ሳይወድ የሚሰማ ሰው ነው። ስለዚህ የምነግራችሁ በወሬ የደረሰኝን ብቻ አይደለም። አብዛኛውን ቆሜ አይቼዋለሁ፤ ፍርድ ቤት የሄደውም በእኔ መኪና ነው።

ያኔ ዶይል ስልሳን ሊደፍን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሥራው ብየዳ ነው። የከብት በር፣ የውኃ ታንከር፣ ተጎታች፣ በአካባቢው የተሰበረ ብረት ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። አንድ ነገር ስትጠይቀው ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡን ያያል፤ መልሱ እዚያ የተጻፈ ይመስል። ታዲያ በዕድሜው ሙሉ ባርኔጣውን ሳያይ የወሰነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ወፍ መግዛት ነው።

ወፏ ኢሙ ትባላለች። የሰጎን ታናሽ እኅት በሏት። ቁመቷ ሰው ያህላል፣ ላባዋ ማበጠሪያ አይቶ የማያውቅ ፀጉር ይመስላል፣ አስተያየቷ ደግሞ ሁልጊዜ እንደተቀየመ ሰው ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አገሩ በሙሉ በኢሙ አበደ። ሥጋዋ ከበሬ ሥጋ ይበልጣል፣ ቅባቷ ለመገጣጠሚያ መድኃኒት ነው፣ ቆዳዋ የሀብታም ጫማ ይሆናል ተባለ። ጥንድ ኢሙ በመኪና ዋጋ ይሸጥ ነበር። የሚገዛው ሰው ግን አርዶ ሊበላ አልነበረም፤ አራብቶ ለሌላ አርቢ ሊሸጥ ነው። ያም ሌላው አርቢ ሐሳቡ ያው ነው። እንዲህ እየተባለ ሲሄድ ቆይቶ አንድ ቀን ሁሉም ሻጭ ሆኖ ተገኘ። ገዢ የሚባል ፍጥረት ጠፋ።

ለዶይል ወፎቹን የሸጠለት ትሩማን ቢዝሊ ነው። ቢዝሊ በትንሿ ከተማችን ያለ ብቸኛ ጠበቃ ነው፤ ከፍርድ ቤት ሲመለስ ክራባቱን ሳይፈታ ለኢሙዎቹ መኖ የሚበትን ሰው። "ዶይል፣ ይቺ ወፍ አይደለችም፤ ጡረታህ ናት" አለው። ግማሹን በእጅ ተቀብሎ ለቀሪው ወፎቹን ራሳቸውን መያዣ አድርጎ አስፈረመው። የዶይል ሚስት ላቮን በአረጋውያን ማቆያ ቤት ምግብ አብሳይ ናት፤ ምላሷ ከምታበስልበት በርበሬ አይተናነስም። ወፎቹ ከተጎታቹ ሲወርዱ በረንዳ ላይ ቆማ አየቻቸው።

"ጡረታችን እግሩ ይረዝማል" አለች። "እንዳያመልጠን።"

አላመለጠም፤ እንዲያውም ተራባ። ዶይል በባንክ የብድር ካርድ አጥር አጠረ፣ በሌላ ካርድ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ገዛ፣ መኖውን ከሚስ ኢሞጂን ስታብስ ሱቅ በዱቤ ወሰደ። ገበያው በወደቀበት ዓመት ደግሞ ብረት ሲያነሳ ወገቡ ተቀጨና ሆስፒታል ገባ። ሲወጣ ሂሳቡን የያዘው ፖስታ ከእሱ ቀድሞ ቤት ደርሷል። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዕረፍት አጣ። ዶይል ጨዋ ስለሆነ ለሚደውለው ዕዳ ሰብሳቢ ሁሉ የአየሩን ሁኔታ ሳይቀር ይነግረዋል። ላቮን ካነሳችው ግን "ዶይል የለም፤ ጡረታውን እያበላ ነው" ብላ ትዘጋለች።

በመጨረሻ ዶይል ባርኔጣውን አውልቆ ብዙ ካየ በኋላ "ልክሰር ነው" አለኝ። እኔ ከስረህ የለም ወይ ልለው ነበር፤ ለካስ እሱ የሚለው በሕግ ነው። በሕግ የከሰረ ሰው ዕዳው ይሰረዝለታል፤ ቤቱና የሥራ ዕቃው አይነካበትም፤ ከዚያ የተረፈ ንብረት ካለው ፍርድ ቤቱ የሚመድበው ባለአደራ ሰብስቦ ይሸጥና ለገንዘብ ጠያቂዎቹ ያከፋፍላል።

ዶይል ሌላ ጠበቃ ስለማያውቅ መጀመሪያ ቢዝሊ ዘንድ ሄደ። ቢዝሊ እስኪጨርስ ሰምቶት "ቆይ እንጂ ዶይል፣ ከእኔ ዕዳ ለማምለጥ እኔኑ ልትቀጥር ነው የመጣኸው?" አለው። ዶይል ይህን አላሰበበትም ነበር፤ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። ታይለር ከተማ ያገኘው ሁለተኛው ጠበቃ ደግሞ ደግ ሰው ነበር፤ ሁሉንም በትዕግሥት አስረድቶት ክፍያው በቅድሚያ እንደሆነ ነገረው።

"ያንን ያህል ገንዘብ ቢኖረኝ" አለ ዶይል ማታ በአጥሩ ላይ ተደግፎ፣ "ለሰውዬው ከመስጠቴ በፊት ዕዳዬን እከፍልበት ነበር። በራሴ እከስራለሁ። ብየዳ የተማርኩት በራሴ አይደል?"

በማግሥቱ የቀብር ኮቱን ለበሰና ወደ ታይለር ሄድን። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት መስኮት ላይ ዴልፊና ኦሮስኮ የምትባል ሴት ተቀምጣለች፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ ስብስብ አድርጋ ያሰረች፣ ፊቷ የማይነበብ።

"ለመክሰር ነው የመጣሁት" አላት ዶይል።

"ጠበቃዎ የት አሉ?"

"ጠበቃ የለኝም።"

"በራስዎ ነው የሚያቀርቡት?"

"ሌላ ሰው ሊከስርልኝ ፈቃደኛ አልሆነም።"

ሴትየዋ አልሳቀችም። ወፍራም የቅጽ ጥራዝ በመስኮቱ አሾለከችለት። ዶይል ገጾቹን አንድ በአንድ እያገላበጠ ቆየ፤ ከኋላችን ሰልፉ ረዘመ።

"ወፎቹን የት ነው የምጽፈው?"

"የሕግ ምክር መስጠት አልችልም።"

"የሕግ አይደለም የጠየቅሁሽ፤ የወፍ ነው።"

"የወፍም ቢሆን።"

"አንቺ እኔን ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?"

"እርስዎን አይደለሁም።"

ዶይል ይህንን ባርኔጣው ውስጥ አጣራና እውነት መሆኑን አመነ። በክር የታሰረውን እስኪርቢቶ አነሳ። "ይሄስ ይጽፋል?"

"እሱን ልነግርዎ እችላለሁ። ይጽፋል።" ቀጥላ ጎንበስ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ቅጹ ውስጥ 'እንስሳት' የሚል መስመር አለ። አለ ነው ያልኩዎት፤ እዚያ ይጻፉ አላልኩም።"

"ገብቶኛል፤ ምንም አልነገርሽኝም" አላት ዶይል፤ እግዜር ይስጥሽ ብሏት ወጣን።

ቅጹን የሞላው ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ነው። እኔ የተጠራሁት የዕቃ ዋጋ እንድገምት ነበር፤ ከሁለቱ አንዱን ማስቀየሜ የማይቀር መሆኑን ባውቅ ኖሮ አልሄድም። ዶይል በቅጹ ላይ "እውነቱን ባልናገር በሕግ ልጠየቅ" የሚል ቃለ መሐላ ስላየ፣ በቤቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ካልጻፈ እንቅልፍ የሚወስደው አልመሰለም። የዶሮ መጥበሻውን ጻፈ። ግማሽ የተረፈውን የሚስማር ሣጥን ጻፈ። የሞተውን ሬዲዮ "የሞተ" ብሎ ጻፈ። ሶፋው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

"አምስት ዶላር?" አልኩ።

ላቮን ከምድጃው ዘወር አለች። "በአምስት ዶላር ከሆነ አንተንም በላዩ መርቄ እሰጠዋለሁ።"

"ላቮን፣ ዋጋው ሲያንስ ነው የሚጠቅመን" አላት ባሏ። "ርካሽ ከሆነ አይወስዱትም።"

"ጥቅሙ ይቅርብኝ። አንድ የማላውቀው ሰው ታይለር ተቀምጦ 'የላቮን ፔቲት ሶፋ አምስት ዶላር' ብሎ ያነባል? እናቴ የተቀመጠችበትን?"

ከብዙ ክርክር በኋላ ሃያ ላይ ተስማሙ። ዶይል እያመነታ ጻፈው፤ መማሉ ነዋ።

ከዚያ ወፎቹ ጋ ደረሰ። የገዛበትን ዋጋ እንዳይጽፍ ያ ገበያ የለም። ዜሮ እንዳይል ዜሮ ማለት ምንም አይበላም ማለት ነው። በመጨረሻ "ከዜሮ በታች" ብሎ ጻፈና ቀና ሲል ልቡ ቀለል ያለው መሰለ።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። የማይነካው ንብረት የቱ እንደሆነ የሚዘረዝረውን የቴክሳስ ሕግ ከቤተ መጻሕፍት አስቀድቶ ሲያነብ ነበርና፣ ድንገት ጣቱን አንድ መስመር ላይ አስቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ምነው?" አልነው።

"በዚህ አገር ሰው ቢከስር ዶሮዎቹንና ወፎቹን አይወስዱበትም። መቶ ሃያ እስኪደርሱ ድረስ።"

ላቮን ማማሰያዋን ይዛ ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። "ማለት፣ ሁሉንም ነገር ሊወስዱብን ይችላሉ፤ እነሱን ግን አይወስዱልንም?"

"እንደዚያ ነው የሚለው።"

"ሌላ ሕግ ፈልግ።"

ሌላ ሕግ አልተገኘም። ዶይል "ሕጉ አይነካም ቢልም እኔ እንዲነካ ፈቅጃለሁ" የሚል ዓረፍተ ነገር ከግርጌ ጨመረበት። ያንን የሚጽፉበት ቦታ ቅጹ ላይ ስላልነበረ በኅዳጉ ዙሪያ አዞረው።

የቀረው የገንዘብ ጠያቂዎቹ ስም ነበር። ባንኮቹን፣ ሆስፒታሉን፣ ቢዝሊን ሲጽፍ አልከበደውም። ሚስ ኢሞጂን ስታብስ ጋ ሲደርስ ግን እስኪርቢቶውን አስቀመጠ። በእኛ አገር ትልቅ ሴት ባል ብታገባም ሚስ ትባላለች። ሚስ ኢሞጂን ያኔ ሰባን አልፋ ነበር፤ ከባሏ ሞት ጀምሮ የመኖ ሱቁን ብቻዋን ይዛለች። ለዶይል አባት መኖ በዱቤ የሸጠችው እሷ ናት። ዶይል ስሟን ሳይጽፍ ቀስ እያለ ሊከፍላት ፈልጎ ነበር፤ መሐላው ግን ሁሉንም ጻፍ ይላል። ጻፈ። "ወረቀቱ ሳይደርሳት ሄጄ በአፌ እነግራታለሁ" አለን። ሰኞ ወገቡን አመመው። ማክሰኞ ዘነበ። ረቡዕ ሱቋ በር ድረስ ሄዶ፣ መኪናው ውስጥ ትንሽ ተቀምጦ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ መኖውን ከሎንግቪው ከተማ መግዛት ጀመረ፤ ሩቅ ቢሆንም ዓይን የለበትም።

ወረቀቱ ቀደመው። ለላሞቼ የጨው ድንጋይ ልገዛ ሱቋ ገብቼ ሳለሁ ነው ዶይል በመጨረሻ ደፍሮ በበሩ ብቅ ያለው። ሚስ ኢሞጂን መነጽሯን ከክሩ አንስታ ዓይኗ ላይ አደረገች፤ ከገንዘብ መሳቢያው ሥር የፍርድ ቤቱን ወረቀት አወጣች።

"ና ወዲህ፣ ዶይል። ይሄንን አንብብልኝ።"

"ሚስ ኢሞጂን፣ ልነግርዎት አስቤ..."

"አንብብ ነው ያልኩህ። እዚህ ጋ፣ ከስሜ አጠገብ።"

ዶይል አነበበ። "መያዣ የሌላቸው፣ ቅድሚያ የማይሰጣቸው።"

"ድርቁ በመጣ ጊዜ የአባትህን ከብቶች ማን ነው ያበላቸው?"

"እርስዎ ነዎት።"

"ያኔ ቅድሚያ ይሰጠኝ ነበር?"

"ይሰጥዎት ነበር።"

"አሁን ምን አጠፋሁ?"

ዶይል ባርኔጣውን አወለቀ። ውስጡ ምንም እንዳላገኘ ያስታውቅበታል። "ቃሉ የቅጹ ነው እንጂ የእኔ አይደለም። የመኖ ዱቤ እዚያ ክፍል ነው የሚገባው።"

"የእጅ ጽሑፉስ የማን ነው?"

"የእኔ ነው።"

"ገንዘቡን ተወው" አለችው። "ሰው ይከስራል፤ የእኔም ባል ሁለት ጊዜ ከስሯል፤ ሁለተኛውን አልነገረኝም እንጂ። ግን በዚች ከተማ ማንም ሰው ቅድሚያ የማይሰጣት ብሎ ጽፎብኝ አያውቅም። የስብሰባው ቀን እዚህ ላይ አለ። እመጣለሁ።" ወደ እኔ ዞረች። "አንተ የጨው ድንጋይ ነው? በዱቤ ነው እንዳትለኝ።"

በጥሬ ገንዘብ ከፍዬ ወጣሁ።

ስብሰባው የገንዘብ ጠያቂዎች ስብሰባ ይባላል። ዕዳ ያለበት ሰው ባለአደራው ፊት ምሎ ይጠየቃል፤ ያበደሩት ሰዎችም መጥተው መጠየቅ ይችላሉ። ታዲያ ማንም አይመጣም። ባንክ ሰው አይልክም። ዶይል፣ ላቮንና እኔ በመኪናዬ በአንድ ወንበር ተጣበን ስንደርስ፣ ክፍሉ የትምህርት ቤት መማሪያ ክፍል ይመስላል፤ ዓይናቸውን መሬት ላይ የተከሉ ሰዎች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ባለአደራው ሚስተር ሌንዝ ይባላል፤ ድካሙ ከአንገቱ ላይ የሚነበብ መላጣ ሰው ነው። አንዱን ጠርቶ አስምሎ፣ ሁለት ሦስት ጥያቄ ጠይቆ፣ "አበዳሪ አለ?" ብሎ መልስ ሳይጠብቅ ሌላውን ይጠራል።

የዶይል ተራ ደረሰ። ማለ። ባለአደራው ቀና ሳይል "ያቀረቡት ሁሉ እውነትና የተሟላ ነው?" አለው፤ ይህንን የሚለው ለሁሉም ነው፤ ሁሉም አዎ ይላል።

"ከሶፋው በስተቀር" አለ ዶይል።

ሚስተር ሌንዝ ቀና አለ። "ሶፋው ምን ሆነ?"

"ሃያ ዶላር አያወጣም። ባለቤቴን ላለማስቀየም ነው ከፍ ያደረግሁት።"

ከኋላ ላቮን "አሁንስ አላስቀየምከኝም?" ስትል ተሰማ። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ከመሬት አነሱ።

"ይመዝገብ" አለ ሚስተር ሌንዝ፤ ድምፅ መቅረጫው እየዞረ ነው። ገጹን ገለጠ። ወረቀቱን ወደ ጎን አዘነበለው፤ ኅዳጉን ዞሮ ለማንበብ። "ወፎች። ከዜሮ በታች። ምን ማለት ነው?"

"ይበላሉ።"

"ምን ያስገኛሉ?"

"ሴቶች ባሉበት ምን ልበልዎ።"

"እና ይሄ በጠርዙ ላይ የጻፉት..."

"እንዲወስዷቸው ነው። ንብረት የሚሰበስበው ባለአደራው ነው ይላል። ሕጉ ቢከለክልም እኔ ፈቅጃለሁ። መኪና ካመጡ እጭንልዎታለሁ።"

ሚስተር ሌንዝ መነጽሩን አወለቀ። "ሚስተር ፔቲት፣ በዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚለምነኝ እንዳልወስድበት ነው። አንድ ሰው የአያቱን ሰዓት ካልሲው ውስጥ ደብቆ መጥቶ እዚሁ ጠረጴዛ ሥር ሲጮህበት ሰምቻለሁ። እርስዎ ውሰድልኝ ይሉኛል። ለመሆኑ ስንት ናቸው?"

"ጠዋት ስወጣ ሰባት ነበሩ።"

ባለአደራው ወረቀቱን በእፎይታ አየው። "ለነገሩ ለአንድ ሚስተር ቢዝሊ መያዣ ናቸው ይላል። እሱ ከፈለገ የመውሰድ መብት አለው። አበዳሪ አለ?"

"አለሁ" አለ ትሩማን ቢዝሊ ከኋላ። ክራባቱን አስሮ ቆሟል። ዶይል ዞሮ ሲያየው እጁን ከፍ አድርጎ ሰላም አለው፤ የጎረቤት ሰው ነው።

"እግዚአብሔር ይስጥህ ትሩማን" አለ ዶይል። "ነገ ልታመጣ ትችላለህ ተጎታቹን?"

"ጥያቄ አለኝ" አለ ቢዝሊ በፍርድ ቤት ድምፁ። "ለመዝገቡ፦ እኔ በግቢዬ የራሴ ኢሙዎች አሉኝ። ከሚስቴ ጋር የምንነጋገረው በእነሱ ስንጨቃጨቅ ብቻ ሆኗል። ደንበኛዬ፣ ማለትም እኔ፣ በመያዣው ላይ ያለውን መብት በሙሉ ፈቃዱ ትቷል።"

"ይህ ጥያቄ አይደለም" አለው ሚስተር ሌንዝ።

"አይደለም። ልመና ነው።"

"እንግዲያው እኔም ወፎቹ ለገንዘብ ጠያቂዎች ጥቅም የሌላቸው፣ ሸክም የሆኑ ንብረቶች ናቸው ብዬ ትቻቸዋለሁ።"

"ትቻቸዋለሁ ማለት?" አለ ዶይል።

"የእርስዎ ናቸው።"

ዶይል ባርኔጣውን ቤት ረስቶት ስለነበር መዳፉን አየ። ላቮን ከኋላ በረጅሙ ተነፈሰች። ባለአደራው መዝገቡን ሊዘጋ እጁን ሲያነሳ ሚስ ኢሞጂን ተነሳች። የእሑድ ባርኔጣዋን አድርጋለች።

"እኔ ቅድሚያ የማይሰጠኝ ነኝ" አለች።

ሚስተር ሌንዝ ተነስቶ ወንበር አቀረበላት። "ይጠይቁ እመቤቴ።"

"ቅድሚያ የሚሰጠው ማን ነው?"

"ግብር፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የልጅ ማሳደጊያ፣ እንደዚህ ያለው ነው።"

"ግብር የመንግሥት ነው። መንግሥት ለዚህ ሰው መኖ ሰጥቶት ያውቃል?"

"አይመስለኝም።"

"እሱ ይመዝገብልኝ።"

"ተመዝግቧል።"

"አሁን የእሱን ልጠይቅ።" ወደ ዶይል ዞረች፤ ድምፅዋ ከቅድሙ ዝቅ ብሏል። "ዶይል፣ ወፎቹ አሁንም ይበላሉ። እኔ ሱቅ ግን ከመጣህ ቆየህ። ከየት ነው የምትገዛው?"

"ከሎንግቪው።"

"በዱቤ?"

"በጥሬ ገንዘብ።"

"ለእኔ ዱቤ፣ ለእነሱ ጥሬ ገንዘብ።"

"አፍሬ ነው ሚስ ኢሞጂን። በሩ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ።"

"አይቼሃለሁ" አለች። "መኪናው ውስጥ ተቀምጠህ ስታስብ በመስኮት አይቼሃለሁ። ቡናህን ቀድቼ ስጠብቅህ ሞተሩን አስነስተህ ሄድክ። እኔን ያስቀየመኝ ያ ነው፤ ወረቀቱ ሁለተኛ ነው።"

ዶይል ወደ ባለአደራው ዞረ። "ሕጉ ዕዳዬን ከሰረዘ በኋላ ለእሷ ብከፍል ጥፋት ነው?"

"ማንም ሊያስገድድዎ አይችልም። በራስዎ ፈቃድ ከሆነ ግን ማንም አይከለክልዎትም።"

"ገንዘቡን አልፈልግም" አለች ሚስ ኢሞጂን። "የመጋዘኔ መጫኛ መድረክ ብረቱ ዝጎ ሊወድቅ ነው። ሐሙስ ና። መኖውንም ከእኔ ግዛ፤ በጥሬ ገንዘብ።"

"ሌላ አበዳሪ አለ?" አለ ሚስተር ሌንዝ። በዚህ ጊዜ መልሱን ጠብቆ ነው የዘጋው።

ዕዳው የተሰረዘበት ወረቀት በበጋው በፖስታ መጣ። ዶይል አጥሩ ጋ ይዞት መጥቶ አሳየኝ፤ እንደ ተማሪ ውጤት በሁለት እጁ ይዞታል። ስልኩ ዝም ካለ ቆይቶ ነበር፤ ላቮን አንዳንዴ አንስታ የሚሠራ መሆኑን ታዳምጣለች። የሚስ ኢሞጂንን መድረክ በየዳው፤ ከዚያ በሩን፤ ከዚያ ደረጃውን፤ ከዚያ ያልተሰበረውንም። አንድ ቀን "ዶይል፣ ከዚህ በላይ ከበየድክ እኔ ነኝ ባለዕዳ የምሆነው" ብላ አስቆመችው።

ወፎቹን በተመለከተ፣ አውራ ጎዳናው ዳር እንስሳት ለጎብኚ የሚያሳይ አንድ ሰው በነጻ ሊወስዳቸው ተስማማ። አንዳንድ አርቢዎች በዚያ ዓመት በራቸውን ከፍተው ወፎቻቸውን መንገድ ላይ ለቀዋቸው ነበር፤ ዶይል ያንን ሲሰማ ፊቱን ያጨማድድ ነበር እንጂ አልሞከረውም። ሰውዬው ተጎታቹን ይዞ ሲመጣ ስድስቱ ያለ ችግር ተጫኑ። ሰባተኛው ግን ወንዱ ነበር፤ እንቁላል ላይ ተኝቷል። በኢሙ ዘንድ እንቁላል የሚታቀፈው አባትየው ነው፤ ታቅፎ ሳለም ከነአካቴው አይበላም። ሰውዬው ገመድ ይዞ ሲጠጋ ዶይል መሀል ገባ።

"ይሄኛው ሥራ ላይ ነው" አለው።

"እንቁላሉን በሣጥን እንይዘዋለን።"

"ሳይበላ ሳይጠጣ ስንት ጊዜ ተቀምጧል። ስድስቱን ውሰድ፤ ሲጨርስ እደውልልሃለሁ።"

ላቮን በረንዳው ላይ ቆማ ይህንን ስትሰማ የጠበቅሁት ስድብ ነበር። እሷ ግን የተጎነበሰውን ወንድ ወፍ፣ ቀጥሎ ባሏን፣ እንደገና ወፉን አየች። "አንድ የሚያስብ አባት ነው የቀረን፤ እሱንም በገመድ ልትጎትቱት?" ብላ ገባች።

ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ መስመር መስመር ያላቸው ናቸው፤ ፒጃማ የለበሱ ይመስላሉ። አንዷ ደካማ ስለነበረች ላቮን በሣጥን አድርጋ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠቻት፤ ለሁለት ቀን ብቻ ነው አለች። አንድ ቅዳሜ መጋዝ ልዋስ ገብቼ ሳለ ስልኩ ጮኸ። እንስሳት የሚያሳየው ሰውዬ ነው፤ ጫጩቶቹን መቼ ልምጣና ልውሰድ ይላል።

"ዶይል ሥራ ላይ ነው" አለችው ላቮን። "ነገ ይደውሉ።"

ዶይል እኔ አጠገብ ተቀምጦ ቡናውን ይጠጣል። ስልኩን ስትዘጋ አላያትም፤ እኔንም አላየኝም። ሲኒውን አስቀምጦ ወደ ብየዳ ቤቱ ሄደ፤ ከትንሽ ጊዜ በኋላ ብልጭታው በመስኮቱ ይታይ ጀመር። ለጫጩቶቹ ዝቅ ያለ የአጥር በር እየሠራ ነበር።